ጥራጊው ያንቺ ነው

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

በረቱን ማን ጠረገው?

አያችሁ! በረቱን ሁሉም ያውቃል፣ የጠረገችውን ግን የሚጠይቅ የለም። እንግዲህ ዛሬ የእሷን ላውራላችሁ። አንተ ወዲያ፣ እግርህን ሰብስብና ለእህትህ ቦታ ስጣት። አዎ፣ እንዲያ።

በድሮ ዘመን ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ የሰው ቤት መያዝ ነበር። እጇ የነካው ቤት ሁሉ ያምር ነበር። የራሷ ቤት ግን አልነበራትም። እናቷ እማማ ዘነቡም በሰው ጎተራ ሥር ተጠግተው ነበር የሚኖሩት። አንድ ቀን የጎተራው ባለቤት መጣና፦ «እማማ፣ በጋውን ይቀመጡ። ክረምት ሲገባ ግን ይልቀቁልኝ፤ ፍየሎቼን የማስጠልልበት የለኝም» አላቸው። ደብሪቱም ይህን ሰማች። ክረምት ሳይገባ ለእናቴ ጣራ ማግኘት አለብኝ አለችና ሥራ ፍለጋ ወጣች።

ከዚያም ግራዝማች ጓንጉል ቤት ደረሰች። ግራዝማች ሀብታም ነበሩ፣ ግን ስስታም ነበሩ። ስስታም ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ! ማስነጠስ ሲመጣባቸው አፋቸውን ይይዛሉ። ጎረቤት ሰምቶ ይማርዎ ሊል ቢመጣ፣ ምሳ ይበላላ!

ደብሪቱ እጅ ነሳችና፦ «ጌታዬ፣ ቤትዎን ልያዝልዎ። ደመወዜ ለአንዲት ጎጆ መቆሚያ የምትሆን ቁራሽ መሬት ናት» አለች።

ግራዝማችም፦ «መሬት? ከመሬቴ እፍኝ አፈር አልሰጥም! ይልቅስ ከመሬት የተሻለ ልስጥሽ። ጠርገሽ የምታወጪው ሁሉ ያንቺ ይሁን። በኔ ቤት ስንዴው ይረግፋል፣ ባቄላው ይንከባለላል፣ የእንግዶቹ ዶቃ ይበጠሳል። ዕድለኛ ነሽ!» አሉ።

ደብሪቱ ሌላ የሚቀጥራት አላገኘችምና እሺ አለች። ግን ሞኝ አልነበረችም። የመንደሩ ዳኛ ጭቃ ሹም ይመር በዚያ ሲያልፉ አየችና ጠራቻቸው። ከዚያም ወደ ግራዝማች ዞራ፦ «ጌታዬ፣ እሳቸው እየሰሙ ይማሉልኝ።»

ግራዝማችም፦ «ንጉሥ ይሙት! ከወለሌ በመጥረጊያ የወጣ ሁሉ የሷ ነው» ብለው ማሉ። በዚያ ዘመን ንጉሥ ይሙት ብሎ ምሎ ቃሉን ያጠፈ ሰው፣ ንጉሡን እንደገደለ ነበር የሚቆጠረው።

በማግስቱ ደብሪቱ መጥረጊያዋን ይዛ ገባች። ምን ብታይ ጥሩ ነው? ግራዝማች ወለሉ ላይ ይድሃሉ! ያን የሚያህሉ ሰውዬ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በጉልበታቸው እየዳሁ ስንዴ ይለቅማሉ። ከመደቡ ሥር አንዲት ምስር አወጡና እፍ አሉባት። ከዚያም ተነሱና፦ «በይ እንግዲህ፣ አሁን ጥረጊ» አሉ።

ደብሪቱም ጠረገች። አቧራ ብቻ ወጣ። ምን ታድርግ? የኔው ነው አለችና በቅርጫት ይዛ፣ ከአጥሩ ውጭ ወዳለው ቋጥኝ ወስዳ ደፋችው። ቋጥኙ ሣር የማያበቅል ድንጋይ ነበርና የማንም አልነበረም።

ከዚያም ደብሪቱ፦ «ጌታዬ፣ ይህ ወለል በእበት ካልተለቀለቀ አቧራው አያልቅም። ከብቶችዎ ከሚጥሉት ትንሽ ይፍቀዱልኝ» አለች።

«እበቱ ለኩበት ነው! ደርቆ ይሸጣል። አንቺ ዝም ብለሽ ጥረጊ!» አሉ ግራዝማች።

እሷም ጠረገች። ወለሉ ይላጣል፣ ትጠርጋለች። ደግሞ ይላጣል፣ ደግሞ ትጠርጋለች። ግራዝማች ማለዳ ማለዳ ይድሃሉ፣ እሷ ቅርጫቷን ይዛ ትወጣለች። ጥምቀት ሲደርስ ወለሉ ወረደና ከደፉ ላይ መዝለል ግድ ሆነ። ጾሙ ሲያዝ መደቡ ከላይ ቀረና ግራዝማች ለመተኛት መሰላል አስፈለጋቸው። ፋሲካ ሲያልፍ ደግሞ የምሰሶው ሥር ከመሬት ወጣ። ምሰሶው በጣራው ተንጠልጥሎ ቀረላችሁ! ነፋስ ሲገባ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል፣ ግራዝማችም እንዳይመታቸው ጎንበስ ይላሉ።

አልደነገጡም እኮ! ቀና ብለው ጣራውን አዩና ደስ አላቸው።

«ቤቴ እያደገ ነው! ያለ አናጢ፣ ያለ አንዲት ሚስማር! ጣራው የት እንደደረሰ እዪልኝ!» አሉ።

«ጌታዬ፣ ጣራውማ እዚያው ነው። እኛ ነን የወረድነው» አለች ደብሪቱ።

«ቅናት ነው!» አሉ ግራዝማች።

እንግዳ ደግሞ፦ «ቤቶች!» ብሎ ይገባና ጉድጓዱ ውስጥ ዱብ ይላል። ግራዝማችም፦ «አየህ ስፋቱን?» ይሉታል። እሱ ወገቡን ይዞ ያቃስታል።

ከዚያም ሰኔ ገባ። ሰማዩ ጠቆረ። የጎተራው ባለቤት ፍየሎቹን እየነዳ መጣና እማማ ዘነቡን አስወጣቸው። ደብሪቱ ብትደርስ እናቷ ጨርቃቸውን ጠቅልለው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል።

እማማ ዘነቡም፦ «ልጄ፣ በጋውን ሙሉ ስትሠሪ ምን ተከፈለሽ?» አሏት።

«አፈር፣ እማዬ» አለችና አለቀሰች። «አፈር ብቻ ነው የተከፈለኝ።»

«የታለ?»

«ከቋጥኙ ላይ።»

እማማ ዘነቡ ቀና ብለው አዩ። ቋጥኙ የለም! በቦታው ኮረብታ ቆሟል። ጫፉ ላይ ሣር አብቅሏል፣ አንዲት አህያም ወጥታ ትግጣለች።

እማማ ዘነቡም፦ «አንቺ! ይህ እኮ መሬት ነው!» አሉ።

ደብሪቱም እንባዋን ጠረገች። ከዚያም ጎረቤቱን በደቦ ጠራች። አንዱ እንጨት አመጣ፣ አንዱ ሣር አመጣ፣ አንዷ ጠላ አመጣች። ጎጆዋ ቆመች። እማማ ዘነቡ ደግሞ መንገድ ላይ የወደቀውን እበት ለቃቀሙና ወለሉን ለቀለቁት፤ አቧራ የሚባል እንዳይነሳ አድርገው ለቀለቁት።

ግራዝማች ከጉድጓዳቸው ሆነው በበሩ አንጋጠው አዩ። ከበላያቸው ጭስ ይወጣል። «ማነው በአፈሬ ላይ ቤት የሠራው? ዳኛ ይጠራልኝ!» ብለው ጮሁ።

ጭቃ ሹም ይመር መጡ። እሳቸው ከዚህ በፊት አንዴ ወድቀው ነበርና ወደ ውስጥ አልገቡም። ደፉ ላይ ተቀመጡ፣ እግራቸውን ወደ ታች አንጠለጠሉና ችሎቱን ጀመሩ።

«ግራዝማች፣ ቋጥኙ የማን ነበር?»

«የማንም።»

«አፈሩስ በምን ወጣ?»

ግራዝማች አጉረመረሙና፦ «በመጥረጊያ» አሉ።

«እርስዎ ደግሞ ንጉሥ ይሙት ብለው ምለዋል። ታዲያ ምን ይሻላል፣ ንጉሡ ይሙት?»

«ኧረ አይሙት! ኧረ ምን በወጣው!»

«እንግዲያው አፈሩ የሷ ነው» አሉ ጭቃ ሹም። ተነሱና ሄዱ።

በዚያው ቀን ዝናቡ ወረደ። ውሃው ሁሉ ወደ ግራዝማች ቤት ገባ። ያ ለገበያ የተከመረ ኩበት ራሰና ተመልሶ እበት ሆነ። ግራዝማች መደቡ ላይ ወጡ፣ መደቡም ተናደ። የተንጠለጠለውን ምሰሶ አቅፈው ሲጮሁ ደብሪቱ ሰማች። ጨክና መተው አልቻለችም። መሰላል አወረደችና አወጣቻቸው፣ ጎጆዋም አስገባቻቸው። እማማ ዘነቡ ትኩስ ንፍሮ ሰጧቸው።

ግራዝማችም ከጠገቡ በኋላ ዙሪያውን አዩና፦ «ደብሪቱ፣ ሥራ ስጪኝ» አሉ።

«ቤት ይጥረጉልኝ። ደመወዝዎ ቁና እህል ነው» አለች።

ግራዝማች ወለሉን አዩ። ያ አፈራቸው ነው። ዓይናቸው ቁልጭ ቁልጭ አለና፦ «እህሉ ይቅርብኝ። ጥራጊውን ስጪኝ» አሉ። አፈራቸውን ጠርገው ሊመልሱ ነዋ!

«እህሉ ይሻልዎታል» አለች።

«ጥራጊው!»

ግራዝማች ጠረጉ። ወለሉ ግን ተለቅልቋል፣ ምን ይወጣዋል? ከጧት እስከ ማታ ጠርገው ምን የምታክል ትቢያ አገኙ መሰላችሁ፣ ቁንጥር! እሷን በመሐረብ ቋጠሩና በዝናብ ወርደው ጉድጓዳቸው ውስጥ ጨመሯት። በእግራቸውም ደለደሏት። በማግስቱም እንዲያው፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲያው።

ደብሪቱ አዘነች። የሠራ ሰው ባዶ እጁን ሲሄድ ምን እንደሚሰማው ታውቀዋለችና። አንድ ማለዳ ግራዝማች ሳይነሱ፣ ያን ቁና ስንዴ ወለሉ ላይ በተነችው።

ግራዝማች ተነሱ። ስንዴውን አዩና እንደ ልማዳቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ እየዳሁ መልቀም ጀመሩ። ለቀሙና ለቀሙና በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው ለደብሪቱ አቀረቡላት፦ «እቃሽ ወድቆ ነበር፣ ውሰጂው። አሁን ልጥረግ።»

ደብሪቱም ስንዴውን መልሳ በተነችና፦ «ይነሱ ጌታዬ። ቆመው በመጥረጊያው ይጥረጉት። ጥራጊው የእርስዎ ነው» አለቻቸው።

ግራዝማች መጥረጊያውን እንደያዙ ቆሙ። እየዳሁ የለቀሙበት ያ ሁሉ ማለዳ ትዝ አላቸውና አፈሩ። እንባቸው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ።

እማማ ዘነቡም ከጥግ ሆነው፦ «ኧረ ወለሉን አያበላሹብን! ውጭ ወጥተው ያልቅሱ!» ብለው ተቆጧቸው።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ፣ እናንተ ውሰዱት፣ ለኔ አፌን አሙቁልኝ። ቆሎውን ወዲህ በሉ! ከጉልበታችሁ ሥር የረገፈውን አይደለም የምላችሁ፤ ከሳህኑ ስጡኝ።