ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

አንድ ሰው ነበረ፤ ሚስቱ አስካለ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ወዳጄ፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «የሟች አባቴን መጻሕፍት ሣጥን ውስጥ ቆልፌ መያዜ ፍቅር ነው ወይስ ንፉግነት?» ብለኸኛል። ቁጭ በልና አድምጠኝ።

አስካለ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊም ነበረች። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሲሸጥ፣ አሥራ አምስት ዓመት የጻፈችበትን ለባዕድ መተው አላስችል አላትና ገዝታ ቤቷ አስገባችው። በኋላ ጉሮሮዋን ታመመች፤ ድምፅዋም ተዘጋ። ያን ጊዜ ዕድሜ ልኳን በየለቅሶው ያወረደችውን ሙሾ እያስታወሰች እዚያው ኮምፒውተር ላይ ጻፈችው። ጽፋ ስትጨርስ ሞተች።

ባሏ ራሷ በሠራችው ዳንቴል ኮምፒውተሩን አለበሰው። ጠዋት ጠዋት ገልጦ ይከፍተዋል። ማሽኑ እያጓራ፣ አንዳንዴም እንቢ እያለ፣ እንደ ምንም ይነሣል። ሰውየውም «ደህና አደርሽ?» ይላል። ጎረቤት ይስቅበት ነበር፤ እሱ ግን ግድ አልነበረውም።

አንድ ቀን ኮምፒውተር ጠጋኝ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ዕድሜው አልቋል። ጽሑፉን ወደ ሌላ ላውጣልዎት፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለው። ሰውየው ደነገጠ። መቃብሯን ቆፍሮ ዐፅሟን የሚያፈልስባት መሰለው። «ጣቷ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ላይ ከሄደማ የማን ይሆናል?» ብሎ መለሰው። የእድሩ ሰዎችም «አሳትመን ለልጆቻችን እናስተምርበት» ብለው ለመኑት። «ቆዩ» አላቸው። እስከ መቼ እንደሚቆዩ ግን ራሱም አያውቅም።

አንዴ ብቻ ተሸነፈ። ልጇ የሞተባት አንዲት ሸክላ ሠሪ መጥታ፣ «አስካለ ብትኖር ታለቅስልኝ ነበር። አንዲት ግጥም ይስጡኝ» አለችው። እንባዋን አይቶ እንቢ ማለት አቃተው። ሴትዮዋ ኮምፒውተሩ ፊት ቆማ፣ አንዲቷን በእርሳስ ገልብጣ ሄደች። እሱ ግን ቤቱ እንደተዘረፈ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ሰነበተ።

ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት ዳንቴሉን ገልጦ ማብሪያውን ቢጫነው፣ ማሽኑ አንዴ ቋ አለና ዝም አለ። ጠጋኙን አስጠራ። ጠጋኙ ፈታትቶ አየና፣ «ጋሼ፣ ጽሑፉ የሚቀመጥበት ተበላሽቷል። ከእንግዲህ ምንም አይወጣም» አለው።

ሰውየው ግራ ገባው። ማልቀስ አማረው፤ ግን ለብረት እንዴት ይለቀሳል? ዝም እንዳይል ደግሞ ሚስቱ ገና ዛሬ የሞተችበት መሰለው። ያዘነው ለእሷ ነው፣ ለሙሾዋ ነው፣ ወይስ ዳንቴል ለለበሰ ቆርቆሮ? መለየት አቃተው። ዳንቴሉን መልሶ አለበሰው። በማግስቱም ጠዋት ገልጦ ተጫነው።

የሚስቱ ሙት ዓመት ደረሰ። ሸክላ ሠሪዋ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ሙሾ አወረደች፦

ደጁን ዝጉት ቢሉኝ እንዴት ልዝጋው ደጁን፣
የሄደው ሲመለስ ማን ሊቀበል እጁን።

ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። ከወንዝ ማዶ የመጡት እንኳ ያውቁታል። ሰውየው የሚስቱን ቃል በዚያ ሁሉ አፍ ሲሰማ ዞረበት፤ አንዱን ፊት ትቶ ሌላውን ያያል።

«ይህን ከየት አመጣችሁት?» አለ።

«ከእርስዎ ቤት ነዋ፣ ጋሼ» አለችው ሸክላ ሠሪዋ።

ደስ አለው። እንባው እየወረደ ሳቀ። ወዲያው ግን ሳቁ ተወውና፣ «ሌሎቹስ?» ሲል ጠየቀ።

ሴቶቹ የሚያውቁት ያችን አንዷን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ያ ኮምፒውተር የአንተ ሣጥን ነው። ያ ሰው ሚስቱን አልወደደም አልልህም፤ አብዝቶ ወዷታል። ነገር ግን የጠበቀው ሁሉ ጠፋ፤ የቀረው ሳይወድ በግዱ የሰጠው ብቻ ነው። የአንተ ፍቅር ይሁን ንፉግነት እኔም አላውቅም። ምስጥም ይህን ለይቶ አይበላም። ቁልፉ አንገትህ ላይ ነው፤ አየዋለሁ። «ሌሎቹስ?» የምትልበት ቀን ሳይመጣ ሂድና ክፈት።