የተቆራረጠው የፊደል ገበታ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ ጥሩነህ፣ ጥያቄዋን ሰምተው ሲያበቁ።

ጥያቄውን ይዛ የመጣችው ምንትዋብ ናት። በአንድ የገጠር ውኃ ፕሮጀክት ውስጥ አስተባባሪ ሆና ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ ጋሽ ጥሩነህም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አለቃዋ ነበሩ። ለፕሮጀክት ሥራ አመራር የሙያ ማረጋገጫ ፈተና አስተማሪ ሳይኖራት፣ ከሥራ መልስ ለብቻዋ ስታጠና ከርማ አንድ ጊዜ ተፈትና ወድቃለች። ለሁለተኛው ስድስት ሳምንት ቀርቷታል። በዚህኛውም ካላለፈች አዲሱን ፕሮጀክት የሚመራው ሌላ ሰው ነው።

«መጽሐፉን አራት ጊዜ ጨረስኩት፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ሳነበው የማላውቀው ነገር የለም። ጥያቄው ፊቴ ሲቀርብ ግን ሁሉም ይጠፋኛል። አምስተኛ ልድገመው ወይስ እርግፍ አድርጌ ልተወው?»

እሳቸውም ነገሩን እንዲህ ሲሉ ቀጠሉ።

ሰውየው ገበሬ ነው። ስሙ ደረሰ ይባላል፤ ስሙን ያዥልኝ፣ ኋላ እንፈልገዋለን። ማሳው ከመስኖው ቦይ መጨረሻ ላይ ነበረች። ከቦዩ አናት ያሉት አጠጥተው፣ መካከል ያሉት አጠጥተው፣ ለእሱ የሚተርፈው እርጥብ ጭቃ ነው። ሦስት ዓመት ሽንኩርት ተከለ፤ ሦስቱንም ዓመት ሽንኩርቱ አንገቱን ደፍቶ ደረቀ። የውኃው ተራ የተጻፈበት መዝገብ አለ። መዝገቡ ግን የውኃ አባት ከሚሉት ሰው ቤት አይወጣም፣ የሚያነበውም እሱ ብቻ ነው፣ የእሱም ማሳ ያለው ከቦዩ አናት ላይ ነው። ደረሰ ሊጠይቅ በሄደ ቁጥር መዝገቡን ገልጦ እያሳየ «ተራህ ገና ነው» ይለዋል። ማንበብ የማይችል ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ፊደሉን አይቶ፣ አመስግኖ ይመለሳል። አመስግኖ! እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው።

መንደርተኛው በየዓመቱ ዝናቡ ሲያበቃ ተሰብስቦ የውኃ አባቱን ይሾማል። ደንቡ አንድ ነው፤ በሽማግሌዎች ፊት ማንበቡን ያስመሰከረ ሰው ለሹመቱ መቅረብ ይችላል። ደረሰ ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመና «ታዲያ እኔ ለምን አላነብም?» አለ። ገበያ ወርዶ አንድ የፊደል ገበታ ገዛ። የሚያስተምረው አልነበረም፤ በዚያ ዕድሜው ከሕፃናት ጋር ተደባልቆ መቀመጥም አሳፈረው። ዜማውን ግን ያውቀዋል። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ባለፈ ቁጥር ተማሪዎቹ ሲሉት እየሰማ በጆሮው ገብቷል። ስለዚህ ጣቱን ከሀ ላይ ያኖርና ዜማውን ይጀምራል፤ ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል እየተራመደ እስከ ገበታው ጥግ ይዘልቃል። በወሩ ሳይሳሳት ጨረሰው። በዓመቱ ገበታውን ሳያይ ይለው ጀመር። ስንፍና አልነበረበትም፤ ይህን ልብ በይልኝ።

የሹመቱ ቀን መጣና ሰዉ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ፈታኙ አንድ አረጋዊ ቄስ ነበሩ። ብጣሽ ወረቀት ላይ ሦስት ፊደል ጻፉና «በል አንብብ» ብለው ሰጡት። ደረሰ የመጀመሪያዋን አያት። ዓመት ሙሉ አብራው የከረመች ናት፣ መልኳን ያውቀዋል፤ ስሟን ግን ሊጠራ አልቻለም። ለመጥራት ከሀ መነሣት ነበረበት። ውስጥ ለውስጥ በከንፈሩ ጀመረ፤ ሀ ሁ ሂ፣ ለ ሉ ሊ እያለ ወረደ። ያቺ ፊደል ከገበታው ታችኛው ግማሽ ላይ ስለሆነች መንገዱ ረጅም ነው። ገና መካከል ላይ ሳለ አንዱ ሳቀ። በሳቁ ዜማው ጠፋበት፤ እንደገና ከሀ ጀመረ። አሁን ብዙዎች ሳቁ። ሦስተኛ ጊዜ ከሀ ሲጀምር የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም አቀርቅሮ ነበር።

ቄሱ ወረቀቱን ቀስ አድርገው ከእጁ ተቀበሉት። «ልጄ» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንድትወድቅ ብዬ አልጻፍኩልህም። እንዲቀልህ ብዬ ነው። ስምህ ነበር።»

ያን ዓመትም የውኃ አባቱ ያው ሰው ሆነ፤ ያን ዓመትም ማሳዋ ተሰነጣጠቀች። ታዲያ ደረሰ ምን ያደረገ ይመስልሻል? ገበታውን አንሥቶ ከሀ ጀመረ! ጥፋቱ በደንብ አለመደጋገሙ መሰለው። ጠዋት ከቤት ሳይወጣ አንዴ፣ ከማሳው ሲመለስ አንዴ ይለዋል። ፍጥነቱ ጨመረ እንጂ ሌላ የጨመረ ነገር አልነበረም። አንድ ከሰዓት በኋላ ገበታውን ይዞ ማሳው ዳር ሲያዜም፣ አጠገቡ የምትኮተኩተው ሚስቱ አቋረጠችው።

«አንተ ሰው፣ ይኼንንማ እኔም እችለዋለሁ» አለችው።

«ምኑን?»

«ፊደሉን ነዋ!» ዶማዋን ተደግፋ ቆመችና ከሀ እስከ ፐ አንድም ሳትስት ዘለቀችው። ገበታውን ቀርባ አይታው አታውቅም። ከእሱ አፍ የሰማችውን ነው የመለሰችለት።

ደረሰ ሚስቱን አየ፣ ገበታውን አየ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፊደል የሚያውቅ ይመስለው ነበር፤ ለካ የሚያውቀው ዘፈን ነው። ያን ጊዜ የተሰማው ኀፍረት በሽማግሌዎቹ ፊት ከተሰማው ይብስ ነበር። እዚያ ያፈረው ሰውን ነው፤ እዚህ ያፈረው ራሱን ነው። ቢላዋውን ከወገቡ መዘዘ። ገበታውን ድንጋይ ላይ ዘርግቶ በየመስመሩ ሸነሸነው፤ መስመሩንም ፊደል በፊደል ቆራረጠው።

«ኧረ በማርያም! ፊደል ይቆረጣል? አበድክ እንዴ?» ብላ ጮኸች ሚስቱ።

እሱ ቁርጥራጩን ሰብስቦ ስልቻ ውስጥ ከተተና ነቀነቀው። ከዚያ እጁን ሰድዶ አንዷን አወጣ። አላወቃትም። ሌላ አወጣ። አላወቃትም። ያን ቀን ካወጣቸው ሃያ ፊደሎች የለየው ሁለቱን ነው። ዓመት ከመንፈቅ ደክሞ ሁለት ፊደል! አለቀሰ ብልሽ እመኚኝ። ገበታው ሙሉ በነበረ ጊዜ ሁሉንም ያውቅ ነበር፤ አሁን ሁለት ቀረው።

ማጥናት የጀመረው ግን በዚያ ቀን ነው። ያወቃትን ፊደል ወደ ጎን ያኖራታል፤ ያላወቃትን ኪሱ ይከታታል። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ላይ ለተማሪዎች የተለጠፈ ሌላ ገበታ ስላለ፣ ኪሱ ሲሞላ ዳገቱን ወጥቶ እዚያ ያመሳክራል። ዳገቱ አድካሚ ነው፤ በከንቱ መውጣት አይፈልግም። ስለዚህ እየወጣ «ይቺ ማን ትሆን?» እያለ ራሱን ያስጨንቃል። እንዲያ የተጨነቀባትን ፊደል ሁለተኛ አይረሳትም። ዜማው እየመጣ ሲያስቸግረው ደግሞ አፉ እንዳያንጎራጉር የሽንኩርት አገዳ በጥርሱ ይነክሳል። አላፊ አግዳሚው ይስቅበት ነበር። ይሳቅ!

በዓመቱ ሰዉ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ቄሱ በዚህ ጊዜ የጻፉለት ስሙን አልነበረም፤ አንድ ገጽ ሙሉ ነው። ደረሰ ከንፈሩን ገጥሞ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ አነበበው። እየቆመ፣ እየተንተባተበ፣ ግን ከሀ ሳይነሣ ጨረሰው። ሽማግሌዎቹ ሾሙትና የተራው መዝገብ እጁ ገባ። በጉባኤው ፊት ገልጦ ተራውን ከላይ ማንበብ ጀመረ። አንደኛውን አነበበ፣ ሁለተኛውን አነበበ። ሦስተኛው ላይ ቆመ። ሦስት ፊደል ናት። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ እንደገና አያትና «ሦስተኛ ተራ፣ ደረሰ» አለ።

ከስልሳ ገበሬ ሦስተኛ ነበር። ሽንኩርቱ በደረቀባቸው ዓመታት ሁሉ ሦስተኛ ነበር፤ ያችን ገጽ ስንት ጊዜ ዓይኑ ሥር ገልጠው አሳይተውት አመስግኖ ሄዷል።

ተራው በሆነ ቀን ጠዋት ከቦዩ አናት ላይ ቆሞ ውኃውን በገዛ አካፋው ወደ ማሳው ቀየሰው። ሚስቱ ከታች ማሳዋ ላይ ቆማለች። ጥቂት ቆይቶ ድምጿ በሩቁ መጣ። «ደረሰ!» ትላለች። ስሙን ትጥራ፣ ውኃው መምጣቱን ትንገረው፣ አልለየውም። እሱ ብቻ «አቤት!» አለ፣ እንባው እየወረደ።

ጋሽ ጥሩነህ እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ምንትዋብ ዞሩ።

«ደረሰ ማለት አንቺ ነሽ» አሏት። «መጽሐፉን አራት ጊዜ አላነበብሽውም፤ አራት ጊዜ ዘፈንሽው። አንዱ ገጽ ሌላውን እየጎተተ ሲያመጣልሽ ያወቅሽ መሰለሽ። ፈታኙ ግን ከምዕራፍ አንድ አያስነሣሽም። ሥራው ተጀምሮ፣ ተበላሽቶ፣ ሰው ተኳርፎ ሳለ መካከሉ ላይ ይጥልሽና መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ ይልሻል። ስለዚህ አትድገሚውም፣ አትተዪውም። ቆራርጪው። ጥያቄዎቹን ደባልቀሽ አንድ በአንድ አውጪ። መልሱን ከአጠገብሽ አርቀሽ አስቀምጪ፤ ሳትጨነቂ አትሂጂበት። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ብቻ ብታውቂ አልቅሺና ቀጥዪ።»

በዚህም አላበቁም። «በፈተናው ቀን የጣለሽን አንድ ጥያቄ ንገሪኝ እስቲ» አሏት።

«የውኃ ጉድጓድ ሊቆፈር መቆፈሪያው መኪና ቀርቦ ቆሟል፤ የመንደሩ ሰዎች ግን እዚህ ቦታ አይቆፈርም ብለዋል። የፕሮጀክቱ ኃላፊ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? የሚል ነበር። የትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳነበብኩት ስፈልግ ብዙ ሰዓት ገደልኩ፤ እሱም አልተገኘ።»

«ካቻምና እኛን እንዲሁ ሲያስቆሙን መጀመሪያ ምን አደረግሽ?»

«የመኪናውን ሞተር አስጠፋሁና ምክንያታቸውን ጠየቅኋቸው። ቦታው ለካ የቆየ መቃብር ነበረበት።» ይህን ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አየሽ ልጄ» አሉ ጋሽ ጥሩነህ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስምሽ ነበር።»