በገደል የወረደው ድንጋይ

ድሮ፣ እጅግ ድሮ፣ ጨው በግመል ተጭኖ ከአገር አገር በሚዞርበት፣ ሰው የመንገድን ርዝመት በውሃ ጥም በሚለካበት ዘመን፣ በቆላው አፋፍ ላይ ግራሜ የምትባል መንደር ነበረች። በግራሜ መርየማ የምትባል ሴት ነበረች። ሀብታም አልነበረችም። አዋቂ ናት ያላትም የለም። ስሟ ግን እስከ ዛሬ ይነሳል። የሚነሳው በሠራችው መልካም ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባጠረ ነበር።

ባሏ ኑርዬ እንጨት ሻጭ ነበር። አንዲት አህያ ነበረቻቸው። ልጅ አልነበራቸውም።

ከግራሜ በስተምሥራቅ፣ በረሃው መካከል፣ አውራ ካብ የሚሉት ኮረብታ አለ። በአናቱ ላይ የቀድሞ ሰዎች የኖሩበት ከተማ ፈርሶ ይታያል። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። ጣሪያ የሌላቸው ግድግዳዎች አሉ፤ በር ብቻ የቀረላቸው ቤቶች አሉ፤ በመካከላቸው ከአለት የተፈለፈለ ትልቅ ገንዳ አለ። ክረምት የዘነበው ውሃ ከገንዳው ይገባል፤ በጋውን ሙሉ ይቆያል። ከጨው አገር የሚመጡት ሲራራ ነጋዴዎች ከዚያ ጠጥተው፣ ግመሎቻቸውንም አጠጥተው ነበር ግራሜ የሚደርሱት። ከዚያ ወዲያ፣ ወደ ጨው አገር፣ የሦስት ቀን መንገድ ጠብታ ውሃ የለም።

ወደ አውራ ካብ የሚያወጣው መንገድ አንድ ነው። ከመንደሩ ሾላ ሥር አልፎ፣ ኮረብታውን ዞሮ ዞሮ ይወጣል። ኑርዬ ግን ሌላ መውጫ ያውቅ ነበር። መንገድ አይደለም፤ ጎርፍ የሰነጠቀው ገደል ነው። ሰው በእሾህና በድንጋይ መካከል በእጅና በእግሩ እየቧጠጠ የሚወጣበት ነው። መርየማንም አንድ ቀን በዚያ ይዟት ወጣ። ከገንዳው ጠጡ። በካቡ ጥላ ሥር አረፉ። መርየማ እዚያ አንዲት የሸክላ ስባሪ አየች፤ ቀይ መስመር ያላት ናት፤ አማረቻትና አነሳቻት። ኑርዬ ከእጇ ተቀበላትና ከነበረችበት መልሶ አስቀመጣት።

«እዚህ ይጠጣል እንጂ አይወሰድም» አላት።

ሌላ አልጨመረም። ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

በጥቅምት የቆላ ንዳድ ያዘው። በአምስተኛው ቀን ሞተ። እንደማንኛውም ድሀ ቀበሩት፤ ከራስጌው አንድ የሜዳ ድንጋይ፣ ከግርጌው አንድ የሜዳ ድንጋይ አደረጉለት። መርየማ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ ሳትወጣ ዒዳዋን፣ የባሏን ሐዘን፣ ተቀመጠች። ዒዳው ባለቀ ማግሥት ወደ መቃብሩ ሄደች። በዚያ ዓመት ንዳዱ ብዙ ሰው ወስዶ ነበር፤ መቃብሩ ሁሉ አዲስ ነው። ፍየሎችም ገብተው ድንጋዩን በታትነውታል። ወዲያ ሄደች፤ ወዲህ መጣች። በመጨረሻ ይህ ነው ብላ ከአንዱ ሥር ተቀመጠች። ፋቲሃ ቀራችለት። አለቀሰች። አህያይቱ እግሯን እንዳመማት ነገረችው። ጣሪያው እንደሚያፈስ ነገረችው። ማታ ማታ ለሁለት ሰው እያቦካች እንደምትደነግጥ ነገረችው።

ሩቅያ የምትባል ጎረቤቷ ጭራሮ ልትለቅም መጥታ ከኋላዋ ቆማ ኖሯል።

«እቴ መርየማ» አለቻት፣ «የምታለቅሺለት እኮ የእኔ አጎት ነው። በቁሙ እንዲህ ያለቀሰችለት ሴት አልነበረችም። ግድ የለም፣ ቀጥይ።»

ሩቅያ ክፉ ሴት አልነበረችም። ምላሷ ነው እንጂ። ነገሩን ከውሃ ወራጆቹ ጋር ተጫወተችው። ሳምንቱን ሙሉ ግራሜ ሳቀች። መርየማ ስታልፍ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይወስዱ ነበር። ባል የሞተባት ሴት ብዙ ነገር ትችላለች፤ ረኃቡንም ትችላለች፤ ዝምታውንም ትችላለች። የባሏን መቃብር ስታ መሳቂያ መሆንን ግን መርየማ አልቻለችም። ማንም የማይስተው ድንጋይ አቆምለታለሁ አለች።

የመጀመሪያው አወጣጧ እንዲህ ሆነ።

ግንቦት ነው። ቀትር ነው። ወንዶቹ ጥላ ሥር ተጋድመዋል። መርየማ አህያዋን ከኮረብታው ግርጌ አሰረች፤ ዶማና ገመድ ይዛ፣ ሰው እንዳያያት በገደሉ ወጣች። እሾህ ቀሚሷን ያዘባት፤ ቀድዳው አለፈች። ከገንዳው በላይ፣ ከዳገቱ ላይ፣ አንድ ድንጋይ ግማሽ አካሉ በመሬት ተቀብሮ አየች። ነጭ ነው። ሁለት ክንድ ይሆናል። ፊቱ የተላገ ነው፤ በርዝመቱም ቀጭን ቦይ ተፈልፍሎበታል። ቦዩን ጌጥ ነው አለች። ድንጋዩ ብቻውን የወደቀ መሰላት። ስትቆፍር የኑርዬ ቃል ትዝ አላት። እጇ ቆመ።

«ለአንተው ነው» አለችው፤ መቆፈሯን ቀጠለች።

ነቀለችው። በገመድ አስራ በገደሉ ለቀቀችው። እየተንሸራተተ፣ አቧራ እያስነሳ ወረደ። ከታች አህያዋ ጎተተችላት። በማግሥቱ ከኑርዬ ራስጌ ቆሞ ተገኘ። ቀባሪዎቹ የኑርዬን ቦታ አሳይተዋታል፤ ከእንግዲህ የሚሳሳት የለም።

የግራሜ ሰው ተሰብስቦ አየ። ከየት አመጣሽው አሏት። ከደጋ አስመጣሁት አለች። ወንዶቹ ሚስቶቻቸውን፣ ሚስት ማለት እንዲህ ናት አሏቸው። ሩቅያ እንኳ ድንጋዩን በመዳፏ ዳሰሰችና ዝም አለች። ሩቅያን ዝም ያሰኘ ነገር በግራሜ ታይቶ አይታወቅም ነበር። መርየማ ደስ አላት። አንገቷን ቀና አድርጋ ሄደች። ያን ቀና ያለ አንገቷን በኋላ ስታስታውሰው ፊቷን በሁለት እጇ ትሸፍን ነበር ይላሉ።

ክረምቱ ዘነበ። ክረምቱ አለፈ። በታኅሣሥ ሲራራዎቹ መጡ፤ ግን እንደ ወትሮው እየዘፈኑ አልመጡም። ከአሥር ግመል ሰባት ሞቶባቸዋል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። አብዬ ሙሄ የሚባሉትን ሽማግሌ ልጃቸው እብሬ በጀርባው አዝሏቸዋል። የአውራ ካብ ገንዳ ደርቆ አገኘነው አሉ። በአባት በአያታችን ደርቆ አያውቅም አሉ። ዝናቡ በኮረብታው ላይ ሲወርድ ከሩቅ አይተናል፤ ውሃው የት ገባ አሉ። አብዬ ሙሄ ሾላው ሥር ውሃ ቀመሱ፤ ከዚያም ሞቱ።

መቃብር ተቆፈረላቸው። የእንግዳ መቃብር እንዳይጠፋ ብለው ከኑርዬ ጎን ቆፈሩ። እብሬ ባዶውን የአባቱን የውሃ እርኮት ከነጩ ድንጋይ ላይ ሰቀለው።

«መርየማ፣ ድንጋይሽ ለሁለቱም ይበቃል» አሏት ቀባሪዎቹ። መመረቃቸው ነበር።

መርየማ ድንጋዩን አየች። በጧቱ ጤዛ ወርዶ ነበር። ጤዛው በድንጋዩ ፊት ተሰብስቦ፣ ቦዩን ይዞ፣ በጫፉ ጠብ ጠብ ይላል። አንዲት ወፍ መጥታ ከጫፉ ጠጣች። መርየማ ያንን አየች። ከድንጋዩ ሥር ቁጭ አለች። ሰዎቹ ባሏ ትዝ ብሏት ነው ብለው ደግፈው አነሷት።

ሁለተኛው አወጣጧ እንዲህ ሆነ።

በማግሥቱ፣ በቀትር፣ ሰው እንዳያያት ደግሞ በገደሉ ወጣች። ዳገቱን በአዲስ ዓይን አየችው። የቀድሞ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ደርድረው ለውሃው መንገድ ሠርተውለታል። መንገዱ ከገንዳው አጠገብ ይታጠፋል። መታጠፊያው ላይ ድንጋይ የተነቀለበት ጉድጓድ አለ። ክረምቱን ሙሉ ውሃው በዚያ ጉድጓድ ሾልኮ፣ ወደ ገደሉ ፈስሶ፣ በረሃ ጠጥቶታል። መርየማ ክንዷን ጉድጓዱ ውስጥ አስገባች። ልኩ ሁለት ክንድ ነበር።

ያን ቀን ወርዳ ብትናገር ነገሩ እዚያ ባበቃ። አልተናገረችም። ድንጋዩንም አላነሳችም፤ ያነሳሁ እንደሆነ ይጠይቁኛል አለች። እንዲያው ሌላ ድንጋይ ለቅማ፣ ጭቃ አቡክታ፣ ጉድጓዱን ልትደፍን አሰበች። ጭቃው የሚቦካበት ውሃ በእንስራ ተሸከመች። ጥር አለቀ፣ የካቲት አለቀ፤ በገደሉ ትወጣለች፣ በገደሉ ትወርዳለች። እጇ ተላጠ።

እብሬ ግመሎቹ ስላለቁበት ግራሜ ቀርቶ የሰው ከብት ይጠብቅ ነበር። ማታ ሲመለስ ከደጇ እንጨት ያወርድላት ጀመር። አትድከም ብትለው፣ «አባቴን ከባልሽ አስጠግተሽልኛል፣ እናቴ» አላት። እናቴ ባላት ቁጥር መርየማ ወደ ጓዳ ትገባለች። በእንጨቱ እሳት አታነድበትም፤ ከደጇ ተቆልሎ ቀረ። ጎረቤት ይህች ሴት ምን ነካት ይል ነበር።

በመጋቢት የበልግ ዝናብ ጣለ። የአንድ ከሰዓት ዝናብ ነው። የሁለት ወር ሥራዋን ጠርጎ በገደሉ አወረደው።

ሦስተኛው አወጣጧ እንዲህ ሆነ።

ሰኔ ገባ። ክረምት በር ላይ ነው። ይህ ክረምት ደግሞ ካለፈ፣ በታኅሣሥ ሌሎች ግመሎች፣ ሌሎች ሽማግሌዎች ይመጣሉ። መርየማ ጁምዓ ቀን፣ ሰው ሁሉ ለሶላት ሲሄድ፣ መቃብሩ ገባች። እርኮቱን አውርዳ በአብዬ ሙሄ መቃብር ላይ አኖረች። ድንጋዩን ነቀለች። ኑርዬን ምንም አላለችው። አህያዋን ጠምዳ ድንጋዩን ወደ ገደሉ ጎተተች። ገደሉ አፍ ላይ አህያይቱ ቆመች። መታቻት፤ አልሄደችም። ለመነቻት፤ አልሄደችም። መርየማ ገመዱን በትከሻዋ አድርጋ እራሷ ጎተተች። ሦስት እርምጃ ወጣች፤ ድንጋዩ ይዟት ተመልሶ ወረደ። ደግማ ሞከረች፤ ገመዱ ተበጠሰ። ቁልቁል ያንሸራተተው ገደል ሽቅብ አያወጣም። መርየማ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። የቀረው መንገዱ ብቻ ነው። መንገዱ በሾላው ሥር ነው የሚያልፈው። ሾላው ሥር ደግሞ ከሶላት የወጣው ሰው ሁሉ ተቀምጧል።

ከድንጋዩ ተነሳች። ከዚያ ገመዱን ቋጠረችና አህያዋን ወደ መንገዱ መለሰች።

ነጩ ድንጋይ እየተጎተተ ሲመጣ ወሬው ቆመ። አንዱ ቀልደኛ፣ ኑርዬ ቤት ለወጠ እንዴ ብሎ አሳቃቸው። መርየማ አህያዋን አቆመች።

«ይህ ድንጋይ ከደጋ አልመጣም» አለች። «ከአውራ ካብ ገንዳ አፍ ነቅዬ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ውሃው የጠፋው በእኔ ነው። አብዬ ሙሄ የሞቱት በእኔ ነው።»

የሳቀው ሰው ሳቁን የሚያደርግበት አጣ። እብሬ ከመካከላቸው ተነሳ። ዱላውን ይዟል። ሊመታት ነው ብለው ሽማግሌዎቹ ተነሱ። መርየማ አልሸሸችም፤ ዓይኗን ግን ከመሬት አላነሳችም።

«በየት አወረድሽው?» አላት።

«በገደሉ።»

እብሬ ዱላውን መሬት ጣለ። የአህያይቱን ገመድ ያዘ።

«በገደል የወረደ በመንገድ ይወጣል» አለና ይጎትት ጀመር።

እሱ ፊት ሄደ፤ መርየማ ኋላ ሄደች። ሩቅያ ማንም ሳይጠራት መዶሻና ጭቃ ተሸክማ፣ መቃብር መለየት ያቃታት ይቺ ሴት ለብቻዋ ድንጋይ እንዴት ትተክላለች እያለች ተከተለቻቸው። ያ ድንጋይ ለአንድ ሰው የሚተከል አልነበረም። አንዱ ቀና አድርጎ ይይዘዋል፤ አንዱ ከሥሩ ጠጠር ይጠቀጥቃል። እብሬ ያዘ፤ መርየማ ጠቀጠቀች፤ ሩቅያ መረገች። በዘጠነኛው ቀን ዘነበ። ውሃው ዳገቱን ወረደ፤ መታጠፊያው ላይ ደረሰ፤ ታጠፈ፤ ገንዳው ገባ።

እብሬ ይቅር አላት የሚሉ አሉ። ይቅር ሲላት የሰማ ግን የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ብሏት አያውቅም። እንጨቱን ግን ማምጣት አልተወም፤ እሷም ታነድበት ጀመር።

የኑርዬ መቃብር ዳግመኛ ጠፋ። ፍየሎቹ የሜዳውን ድንጋይ እንደ ልማዳቸው በታተኑት። መርየማ እርጅና ሲጫናት ከመቃብሮቹ መካከል ደስ ያላት ቦታ ትቀመጥና ፋቲሃ ትቀራ ነበር። ሩቅያ አንድ ቀን አልፋ ስትሄድ አየቻት።

«እቴ፣ ዛሬም ከእኔ አጎት ዘንድ ነሽ» አለቻት።

«ለእሱም ይድረሰው» አለች መርየማ።

ከዚያ ወዲህ ግራሜ ውስጥ በመቃብር ላይ የተጠረበ ድንጋይ የሚያቆም የለም። ሰኔ ሲገባ እያንዳንዱ ቤት በሙታኑ ስም አንዳንድ እፍኝ ጭቃ ይዞ፣ በመንገዱ፣ በቀን፣ ሰው እያየው ወደ አውራ ካብ ይወጣል፤ የውሃውን መታጠፊያ ይመርጋል። ያጠፋ ሰው ጥፋቱን በጓሮ ሊያቃና ሲሞክር ሲያዩትም፣ በገደል የወረደ በመንገድ ይወጣል ይሉታል። የመርየማ መቃብር የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የግራሜ ሰው መቃብር ሲገባ ለራሱ ሙት ይቀራና፣ በቀኝም በግራም ላለው፣ ለእሱም ይድረሰው፣ ለእሷም ይድረሳት ብሎ ይወጣል።

ነገሩ ይህ ነው። ይህን የነገሩን አርፈዋል። ለእነሱም ይድረሳቸው።