የቀናበት ዱካ

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ ታሪኩን የነገረኝም ራሱ ነው። የሚኖረው ኖርዌይ ነው። ኖርዌይ ማለት የዓመቱን ግማሽ በረዶ የሚተኛበት አገር ነው። እኛ ሲበርደን ጋቢ ደርበን እንቀመጣለን። እነሱ ሲበርዳቸው ተራራ ይወጣሉ! ምን ታደርጓቸዋላችሁ?

ይህ ሰው የተራራ መውጣት ማኅበር አባል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ሆነው፣ ስኪ የሚባለውን ረጅም ቀጭን ሰሌዳ ከእግራቸው ጋር አስረው፣ ቦርሳቸውን አዝለው፣ ሰው ባልረገጠው በረዶ ላይ ይወጣሉ። ዘጠኝ ዓመት አብሯቸው ወጥቷል። በማኅበሩ ውስጥ ከኛ አገር የሄደ እሱ ብቻ ነበር፤ ይህም ደስ ይለው ነበር። ብቻውን መታየት ማን ይጠላል?

አሁን አንድ ነገር ያዙልኝ። አዲስ በረዶ ላይ ሲኬድ የሚደክመው ከፊት ያለው ሰው ነው። በረዶውን እየደለደለ ዱካ ይከፍታል፤ የኋለኞቹ እሱ በከፈተው ይከተላሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ከከፈተ በኋላ ወደ ጎን ወጥቶ ይቆማል። ሁሉም ያልፉታል፤ እሱም ከመጨረሻው ሰው ኋላ ይሰለፋል። ከዚያ ቀጣዩ ይከፍታል። ሥርዓታቸው ይህ ነው።

የኛ ሰው ግን ፊት መሆን ይወድ ነበር። ተራው ሲያልቅ፣ «ገና ነኝ፣ አልደከመኝም» ይላል። ጉልበተኛ ነበርና ዳገቱን ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። ከኋላው ያሉት ያለከልካሉ። እሱ ማለክለካቸውን ሲሰማ አድናቆት ይመስለው ነበር። አያችሁ ሰው እንዴት ራሱን እንደሚያታልል?

በዘጠነኛው ዓመት ናሁሰናይ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ከአዋሳ ለሥራ ወደዚያ ከተማ መጣ። ቤተ ክርስቲያን ተዋወቁ። ሰውየው ደግ ነው፤ አሮጌ ስኪውን አውሶት ወደ ማኅበሩ ይዞት ሄደ። መጀመሪያ ቀን ናሁሰናይ በየአምስት እርምጃው ይወድቃል። አፍንጫው በረዶ፣ ጆሮው በረዶ።

«ጋሼ፣ እኔ ልመለስ። ይሄ ነገር ለኛ አልተፈጠረም!» አለ።

«ዝም በልና ዱካዬን እያየህ ና» አለው ሰውየው።

ያን ቀን ሰውየው ከሁሉ ኋላ ቀርቶ፣ እርምጃውን አሳጥሮ፣ ዳገቱን ቀጥ ብሎ ሳይሆን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እያዞረ፣ ለልጁ ለብቻው መንገድ አወጣለት። ከሁሉ መጨረሻ ደረሱ። ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳለት፤ ሳቁ። ደስ የሚል ቀን ነበር። ከዚያ ረሳው።

ሁለት ክረምት አለፈ። ናሁሰናይ ጎበዘ። ብቻ ቢጎብዝ ባልከፋ! ተወደደ። ጠዋት መሰብሰቢያው ቦታ ሲደርስ፣ «ናሁ! ናሁ!» ነው። ያ ሁሉ ሰው ስሙን ለመጥራት አፉን ሲያጣምም ማየት ነበር። የኛን ሰው ስም ግን ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላም አስተካክሎ የሚጠራው የለም።

የማኅበሩ መሪ ራንዲ የምትባል፣ ስልሳውን ያለፈች ሴት ናት። አንገቷ ላይ ሁልጊዜ ፊሽካ አለ፤ ፊሽካው ያለው ሰው ነው የሚመራው። በዚያ ክረምት፣ «ጉልበቴ አልቋል፤ በመጨረሻው ጉዟችን ፊሽካውን ለአንዳችሁ አስረክባለሁ» አለች። ሰውየው ልቡ ዘለለ። ማን ይገባዋል? ዘጠኝ ዓመት፣ አሁን እንኳ አሥራ አንድ ሆነ፣ ከፊት የነበረው ማን ነው?

ታዲያ አንድ ቀን ናሁሰናይ ዱካ ሲከፍት ራንዲ ከኋላ ሆና፣ «የዚህ ልጅ ዱካ እንዴት ደስ ይላል! ለአጭሩም ለረጅሙም፣ ለጉልበተኛውም ለደካማውም ይሆናል» አለች። ይህች ቃል እንደ እሾህ ገባችበት። በአሥራ አንድ ዓመት ስለሱ ዱካ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሆዱ ይቃጠል ጀመር። «እኔ ያመጣሁት! በእኔ ስኪ የተማረ!» ይላል ለራሱ፣ መኪና እየነዳ፣ ጥርሱን እየፋቀ። ዓርብ ማታ ቦርሳውን ሲያዘጋጅ ናሁሰናይን ጉንፋን እንዲይዘው ይመኛል። እንዲያውም ተንበርክኮ፣ «ጌታ ሆይ፣ ልጁ ደክሞታል፣ ነገ አሳርፈው» ብሎ እንደ ጸለየ ነገረኝ። አትሳቁ! እናንተ እንዲህ ጸልያችሁ አታውቁም?

የመጨረሻው ጉዞ ደረሰ። ሌሊቱን ብዙ በረዶ ጥሎ አድሯል። ከትልቁ ዳገት ሥር ሲደርሱ ራንዲ፣ «ናሁ፣ አንተ ክፈት» አለች።

ሰውየው ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለው። ናሁሰናይ ጀመረ፤ ሌሎቹ ተከተሉ። እሱ ግን አሥር እርምጃ ያህል ወደ ጎን ወጣና የራሱን ዱካ መክፈት ጀመረ። ቀጥ ብሎ፣ ለብቻው! የተከፈተ መንገድ ከአጠገቡ እያለ እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ ይሰምጣል። ራንዲ ፊሽካውን ነፋች። ያንን ሲመኘው የኖረውን ፊሽካ፣ እንዳልሰማ ሆነ።

ናሁሰናይ ከላይ ጮኸ፦ «ጋሼ፣ ወዲህ ይምጡ! ተከፍቷል እኮ!»

«አንተ መንገድህን ሂድ!»

መጀመሪያ ላይ ቀደማቸው። ትንሽ ቆይቶ እኩል ሆኑ። ከዚያ ጥለውት ሄዱ። ላቡ ጀርባው ላይ ቀዘቀዘ፤ ጭኑን ቁርጥማት ያዘው፤ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ጫፉ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረው በረዶው ላይ ተቀመጠ። ወደ ላይ ሲያይ ሁሉም ደርሰዋል። አፈረ። ቅናት እስኪይዝህ ድረስ ያቃጥልሃል፤ ከያዘህ በኋላ ግን ያቀዘቅዝሃል አለኝ።

ማን ወረደ? ናሁሰናይ ወረደ። ሰውየው ከተቀመጠበት ጀምሮ እስከ ዋናው ዱካ ድረስ በረዶውን ደለደለለት። ከዚያ ደረቅ ጓንት ሰጠው።

«ይችን ብቻ እየረገጡ ይምጡ» አለው።

ሰውየው ተነሣ። አንድ ረገጠ፣ ሁለት ረገጠ። እርምጃው አጭር ነው፤ ዱካው አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይዞራል። እግሩ ሳይደክመው መውጣት ጀመረ። ገረመው።

«እንዲህ መክፈት ማን አስተማረህ?» አለው፣ በኩርፊያ ድምፅ።

ናሁሰናይ ቆሞ ዞረ። «ምን ማለትዎ ነው ጋሼ? እርስዎ ነዎት እንጂ! የመጀመሪያ ቀን እንዲህ አድርገው አይደል ያወጡኝ? እኔ ሌላ መንገድ አላውቅም።»

ሰውየው በረዶው ላይ ቆሞ አለቀሰ። ለካ ያ እንቅልፍ የነሳው ዱካ የራሱ ነው! ለካ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ ለመታየት ሳይሆን ለመርዳት ሲል የከፈተው መንገድ፣ ያ ብቻ ነው የቀረው።

ጫፉ ላይ ራንዲ ፊሽካውን ለማን ሰጠች? ለናሁሰናይ ሰጠች። ሰውየው አጨበጨበ። «እጄ ወዲያው አጨበጨበ፤ ልቤ ግን የደረሰው ከወራት በኋላ ነው» አለኝ። እኔም ለዚህ ነው የማምነው። ቅናት በአንድ ቀን ለቆኝ ሄደ የሚለኝን ሰው እጠራጠራለሁ። አሁን ተራው ሲያልቅ ወደ ጎን ይወጣል፣ ሁሉን ያሳልፋል፣ ኋላ ሆኖም የደከመውን ይጠብቃል።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ሥራ ያስተማርሽው ልጅ አለቃ ሆኖብሽ ፊትሽ ጠቁሯል? መዝሙር ያስጠናሃት እህት ማይክ ስትይዝ ድምፅ ማጉያው ጮኸብኝ ብለህ ትወጣለህ? እኔ ራሴ፣ እዚችው መድረክ ላይ ያቆምኩት ወጣት ሲሰብክ፣ ከእኔ ይልቅ ለእሱ ስንት ሰው «አሜን» እንዳለ ስቆጥር ተገኝቻለሁ። አዎ፣ እኔ!

ከአጠገባችሁ መንገድ ተከፍቶ ሳለ፣ የእገሌ ነው ብላችሁ፣ ለብቻችሁ እስከ ጉልበታችሁ የምትሰምጡት እስከ መቼ ነው?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ያንን የምትቀኑበትን ሰው አስቡት። ጎንበስ ብላችሁ ዱካውን እዩ። ምናልባት እናንተ የረሳችሁትን፣ እግዚአብሔር ግን ያልረሳውን አንድ ደግ ቀናችሁን እዚያ ታገኙታላችሁ። የናንተ ባይሆንስ? ባይሆንም ተከፍቶላችኋልና ርገጡት።

ተራችን ሲያልቅ ወደ ጎን የምንወጣበትን ጸጋ እሱ ይስጠን።