ባይለየኝ፣ በድኩላ ድምፅ የጮኸው

በዚያ ዘመን ነው፤ ዱሩ ገና ሳይመነጠር፣ ሰውና አውሬ ከአንድ ምንጭ በተራ በሚጠጡበት ጊዜ። አያቴ ለአባቴ ነገሩት፤ አባቴ ለእኔ ነገረኝ፤ እናንተ ደግሞ ከእኔ ስሙ።

ጉም አፋፍ በምትባል መንደር ባይለየኝ የሚባል ሰው ነበር። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት። ከእርሱ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ ሞተውባት ነበርና ይኸኛውስ ባይለየኝ አለች። እርሱ አልተለያትም፤ እርሷ ግን ተለየችው። ፈንጣጣ የገባ ጊዜ እናቱንም፣ አባቱንም፣ ሚስቱንም በአንድ ክረምት ወሰደበት። እርሱን ተወው፤ ግን ፊቱን አበሳስቶ፣ ጉሮሮውን አበላሽቶ ተወው። ከዚያ ወዲያ ሲናገር ድምፁ እንደ ደረቅ ቅጠል ኮሽ ኮሽ ይላል እንጂ፣ ጆሮውን ካላስጠጋ በቀር ማንም አይሰማውም ነበር።

ሰው ፈራው። በሽታው ያልለቀቀው መሰላቸው። ስለዚህ ከዱሩ ጫፍ ጎጆ ቀለሰ። ቀርከሃ እየቆረጠ ቅርጫት ይሠራል፤ ቅርጫቱን ድንጋይ ላይ ያስቀምጣል። ሴቶች መጥተው ቅርጫቱን ይወስዳሉ፤ በምትኩ ጥቂት እህል ያኖሩና ፊታቸውን ሳያዞሩ ይሄዳሉ።

ሰው ካላናገረው ምን ይስማ? ዱሩን ሰማ።

ድኩላን ታውቁት የለም? ዓይነ አፋር ነው። ያላወቀው ሰው ዲዳ ይመስለዋል። ግን ድምፅ አለው። ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮሃል፤ ጩኸቱ ከአንዱ ገደል ወደ ሌላው ይሻገራል። ወንዱ ሴት ሲፈልግ ዝቅ አድርጎ ያጉረመርማል። እናቲቱ ግልገሏን በቀስታ ትጠራለች። ግልገሉም እናቱ ስትዘገይበት በቀጭኑ ያለቅሳል፤ እርሱን የሰማ ሰው የገዛ ልጁ ያለቀሰ ይመስለዋል። ባይለየኝ ይህን ሁሉ እየለየ ሰማ። አንድ ቀን ታዲያ አፉን ከፍቶ እንደ ድኩላ ጮኸ። የሰው ቃል እንቢ ያለው ጉሮሮ የድኩላውን ጩኸት አልከለከለውም፤ ገደሉ አስተጋባ። ከወዲያ ማዶም አንድ ድኩላ መለሰለት። ቤተሰቦቹ ከሞቱበት ወዲህ የመለሰለት የመጀመሪያው እርሱ ነበር ይባላል።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። አንበጣ አዝመራውን በላ። የመንደሩ የአደን አለቃ ባሻ ጓንጉል የሚባሉ ሰው ነበሩ። ባሻ ሰዎቻቸውን ይዘው ዱር ይወርዳሉ፤ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ደግሞ ይወርዳሉ፤ ደግሞ ይመለሳሉ። ሕፃናት ሆዳቸው ተነፋ። ባይለየኝ ይህን አይቶ ወደ ባሻ መጣ፤ ልጥራላችሁ አለ። ሳቁበት፤ ግን ተከተሉት። ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀምጦ ዝቅ አድርጎ አጉረመረመ። አንድ ትልቅ ወንድ ድኩላ ባላጋራ የመጣበት መስሎት ብቅ አለ። ባሻ ጓንጉል ተኮሱ።

መንደሩ በላ። ጎረምሳው ፎከረ፤ ሴቶቹ ለባሻ እልል አሉ። ባይለየኝን ግን ና ያለው ሰው አልነበረም። ወደ ጎጆው ተመለሰ። በጎጆው ውስጥ ማንም አልነበረም።

ጥቂት ሰነበተና ወንዶቹ ድኩላዎች ሳሱ። ባሻም ባይለየኝን አስጠርተው የግልገሉን ልቅሶ አልቅስልን አሉት። አለቀሰላቸው። እናቲቱ ቅጠሉን ጥሳ ወጣች። ሰዎቹን አየች፤ ጠመንጃውን አየች፤ አልተመለሰችም። በእግራቸው መካከል ግልገሏን ስትፈልግ ገደሏት።

በማግስቱ ደግሞ አልቅስልን አሉት። እርሱም በዚያች በደረቀች ድምፁ፣ «ባሻ፣ ያቺን ድምፅ ከእንግዲህ አላወጣትም» አለ።

ለምን አሉት።

«የምትመጣው እናት ናት።»

ባሻ ተቆጡ። የእኛ ልጆች ይራቡ ወይ አሉ። ባይለየኝ ወንዶቹን ድኩላዎች እስከ ሩቅ ዱር ሄጄ እጠራለሁ፣ ማርም እቆርጣለሁ፣ ይህን ግን ተዉኝ ብሎ ለመነ። ባሻ አልሰሙትም። ለሰው ሳያዝን ለአውሬ የሚያዝን እርሱም አውሬ ነው፤ ከመሰሎቹ ጋር ይኑር አሉ። ማንም እግዜር ይስጥልኝ እንዳይለው፣ ቅርጫቱንም ማንም እንዳያነሣ አዘዙ።

ባይለየኝ ወደ ጎጆው ተመለሰ። በጎጆው ውስጥ ማንም አልነበረም። ቅርጫቶቹ ድንጋዩ ላይ ዝናብ እየመታቸው ከረሙ። እርሱም ሥራ ሥር እየማሰ እየበላ ከረመ።

ባሻ ጓንጉል እንጉዳይ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ሌላ አልነበራቸውም። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ናት። አንድ ቀን እንጨት ለቀማ ወጣችና ጉም ወረደ። የጉም አፋፍ ጉም እንደ ሌላ አገር ጉም አይደለም፤ የዘረጋኸውን እጅህን ይሰውርብሃል። እንጉዳይ ሳትመለስ ቀረች። አባቷና የመንደሩ ወንዶች እየተጣሩ ፈለጓት፤ ጉሙ ጥሪያቸውን ዋጠው።

ሲነጋ ባይለየኝ ከደጁ ቆሞ የድኩላ ጩኸት ሰማ። ጩኸቱ ከገደሉ ሥር ነው። ይጮሃል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ እዚያው ይጮሃል። ድኩላ ደንግጦ ከጮኸ ይሸሻል እንጂ አይቆምም። ቆሞ የሚጮኸው የፈራው ነገር ከፊቱ ሲኖርና አልነቃነቅ ሲለው ነው። ባይለየኝ ወረደ። ድኩላው ሸሸ። እንጉዳይን እግሯ ተሰብሮ፣ ስትጮህ አድራ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ በብርድ ስትንቀጠቀጥ አገኛት። በአጠገቧ የነብር ዱካ ነበር።

ጋቢውን አለበሳት። ሊያነሣት ቢሞክር ገደሉ ቀጥ ያለ ነው፤ እግሯም አላስነካ አለ። በዚህ መሀል ከላይ የአባቷን ድምፅ ሰሙ። ድምፁ እየራቀ ነበር። ባይለየኝ አቤት ሊል አፉን ከፈተ፤ ከአፉ ነፋስ ወጣ። እርሷም ሞከረች፤ ምንም አልወጣም። ትቷት እንዳይሮጥ የነብሩን ነገር ፈራ።

«አባትሽ ድኩላ በአንድ ቦታ ሲጮህ ሰምተው አያልፉም» አላት፤ «ነብር መኖሩን ያውቃሉ።»

«ይተኩሳሉ» አለችው በሹክሹክታ።

እግሯን ደግፎ እንደምንም እየሳበ ከአንድ ትልቅ ዝግባ ግንድ በስተኋላ አስቀመጣት። ራሱ ከእርሷ ርቆ፣ ወደ ማዶው ቁጥቋጦ ተሻገረ። ጮኸ። ዝም አለ። ደግሞ እዚያው ጮኸ።

ባሻ ጓንጉል ሰሙ። ነብር ልጄን ይዟታል አሉ፤ እየተንሸራተቱ ወረዱ። በጉሙ ውስጥ ቁጥቋጦው ሲነቃነቅ አዩ። ተኮሱ።

ቅጠሉን ገለጥ ቢያደርጉ ሰው ነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ ግን አይሰማም። ባሻ ተንበረከኩ፤ ጆሯቸውን ከአፉ አስጠጉ። ከእናቱ ሞት ወዲህ እንዲህ የተጠጋው ሰው አልነበረም።

«ልጅዎ ከዝግባው ሥር ናት» አላቸው። «በርዷታል።»

ፀሐይ ጉሙን ሳትገልጠው ሞተ። ባሻ ጓንጉል ልጃቸውን ለሰዎቹ ሰጡ፤ እርሱን ግን ማንንም ሳያስነኩ በትከሻቸው ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። ከእናቱ አጠገብ ቀበሩት። እንጉዳይ ዕድሜ ልኳን ስታነክስ ኖረች፤ ይህን ሁሉ ለአያቶቻችን የነገረች እርሷ ናት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በጉም አፋፍ አዳኝ ቁጥቋጦ ሲነቃነቅ ቢያይ አይተኩስም። አስቀድሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሰው ነህ?» ይላል። ይጠብቃል። አውሬ ከሆነ ይሸሻል፤ አዳኙም ባዶ እጁን ይገባል። ሚስቱ ምን አገኘህ ብትለው፣ «ለባይለየኝ ተውኩት» ይላታል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው የለም።

እኔም በጉልምስናዬ በዚያ ጉም ውስጥ ቆሜ ጠይቄያለሁ። ብዙ ጊዜ መልስ የለም። ቢሆንም ይጠየቃል።