ለዳቦ የተላኩ ሽማግሌ

በእኛ ከተማ፣ ጉዳዩ ጊዜው ሳይደርስ እንዲያልቅለት ሰው የሚልክ ሰው ሲገኝ፣ ዳር ላይ የቆመ አንዱ ጣል የሚያደርጋት አባባል አለች። የሰማት ሁሉ ከጥንት አባቶች የወረደች ይመስለዋል። የለም፤ የተወለደችው ከጋሽ ድንቁ ዳቦ ቤት ነው። ያስወለዷትም አቶ አንዳርጌ ናቸው።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። የአቶ አንዳርጌን ልጅ እጅጋየሁን ለማጨት ከጎረቤት ከተማ ሽማግሌዎች በሦስት ሰዓት ይመጣሉ ተብሏል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሊጡን አቡክተው፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ ኮባ አንጥፈው ሊደፉት ሲሉ መብራት ድርግም አለ።

«አንዳርጌ፣ ይህን ይዘህ ወደ ድንቁ ሩጥ! የእሱ ምድጃ በእንጨት ነው» አሉ ሊጡን በትሪ እያስታቀፏቸው። «ደግሞ ሰዎቹ ፊት ጥሬ ዳቦ እንዳታስቀርበኝ። ‹ዳቦ ያላበሰለች እናት ልጅ መች ታበስላለች› ብለው ቢሄዱ፣ ጉዳችን ነው።»

እጅጋየሁ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና አባቷን አየቻቸው። ሊያጫት ሽማግሌ የላከውን ልጅ እንደምትወደው በዚያ ቤት ያላወቀ ቢኖር ድመቷ ብቻ ናት።

መብራት የጠፋው ግን ለአቶ አንዳርጌ ብቻ አልነበረም። የሰፈሩ ሊጥ ሁሉ ጋሽ ድንቁ በር ላይ ተሰልፏል። እትዬ ትርንጎ እንደ ልማዳቸው የገዙትን ዳቦ በእጃቸው እየመዘኑ፣

«ድንቁ፣ ይሄ ከትናንቱ አነሰ» ይላሉ።

«ዳቦው ያው ነው እትዬ። ርሃብዎ ነው ያደገው።»

አቶ አንዳርጌ በክርናቸውም፣ በይቅርታም ብለው ሊጣቸውን ምድጃ አስገቡ። ገብቶ ብዙም ሳይቆይ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ድንቁ፣ ሸተተኝ፤ በስሏል።»

«የሸተተዎት የሌላ ሰው ዳቦ ነው።»

«ኧረ ላዩ ቀልቷል!»

«ላዩ ቀልቷል። ሆዱ ገና ሊጥ ነው። አረፍ ይበሉ።»

ማረፍ ለአቶ አንዳርጌ አልተሰጣቸውም። ውሃ ለማስገባት አማላጅ፣ ከጎረቤት ለመታረቅ አማላጅ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድም ነገር ያለ አማላጅ ጨርሰው አያውቁም። ዙሪያቸውን ቃኙ። ምድጃው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ፣ የማያውቋቸው ሽማግሌ ይሞቃሉ። እምቢ የማይባል ፊት አላቸው።

«አባቴ፣ እግዜር ነው የጣለልኝ! ትልቅ እንግዳ አለብኝ። ለዚህ ሰው አንድ ቃል ይበሉልኝ።»

«እኔ እኮ እዚህ አገር እንግዳ ነኝ፤ ቀጠሮዬ እስኪደርስ ብርድ ሽሽት ነው የገባሁት። ባውቀው አይደል የምለምነው?»

«የማይታወቅ አማላጅማ የበለጠ ይፈራል!»

ተለምኖ ቁጭ ማለት ለሽማግሌ ነውር ነው። ሰውዬው እያቃሰቱ ተነሡና ጋሽ ድንቁ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ስለ ሽበቴ ብለህ፣ የሰውየውን ዳቦ አውጣለት።»

ወረፋው ሁሉ ወደ ጋሽ ድንቁ ዞረ። በእኛ ከተማ ሽበት ተጠርቶ እምቢ ያለ ሰው የለም። ጋሽ ድንቁ ላቡን ጠረገ።

«አባቴ፣ የለመኑት እኔን ነው?»

«አንተን።»

«እኔ እሺ ብያለሁ» አለና በረጅሙ የእንጨት አካፋ ዳቦውን ሳበው።

ደስ የሚል ዳቦ ነበር፤ ላዩ የተወለወለ ይመስላል። አቶ አንዳርጌ አመሰግናለሁ ለማለት እንኳ ሳይቆሙ ታቅፈውት በረሩ።

ልክ በሦስት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ከፊት የቆሙት ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ከዘራ ይዘዋል።

አቶ አንዳርጌ የበሩን እጀታ እንደያዙ ቀሩ። ሽማግሌው ግን ቅንድባቸውን ብቻ ከፍ አደረጉና፣ አይተዋቸው እንደማያውቁ ሁሉ «ልሳነወርቅ እባላለሁ» ብለው እጅ ነሡ። ቀጥሎም እንደ ወጉ «ጉዳይ አለን፣ አንቀመጥም» አሉና የመጡበትን በቁማቸው ተናገሩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ «በሉ ቁጭ በሉ፤ ቆርሰን እንነጋገራለን» ብለው ዳቦውን አቀረቡ፤ ቢላውን ለአቶ ልሳነወርቅ ሰጡ።

አቶ ልሳነወርቅ ባረኩ። ቢላው ቅርፊቱን ቀጭ አድርጎ ገባ፤ ሲወጣ ሊጥ እየጎተተ ወጣ።

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ባርኔጣቸውን አነሡ። መጋረጃው ተንቀጠቀጠ። አቶ አንዳርጌ የልጃቸው ሠርግ በዚያች ቢላ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ታያቸው።

«ሰጥቻለሁ!» ብለው ጮኹ።

«ምኑን?»

«ልጄን! ዛሬውኑ! አሁኑኑ!»

አቶ ልሳነወርቅ ቢላውን አስቀመጡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀና ሲሉ ነው ሳቅ መሆኑ የታወቀው።

«ባርኔጣህን መልስ» አሉ ጓደኛቸውን። «እናትየዋ ምንም አላጠፉም። ቅድም ይሄን ዳቦ ያለ ጊዜው በአማላጅ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ ባላቸው ዞሩ። «አንተ! ለዳቦ አማላጅ ላክህ?»

አቶ አንዳርጌ ምንጣፉን ይመረምራሉ።

«ልጅቱን ግን እንዲህ በጥድፊያ አንወስድም» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «ለዛሬ አንድ ጥሬ ይበቃናል። ዘመድ አማክሩ፣ እሷንም ጠይቁ፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት እንመለሳለን። ያም ሆኖ መልሱን መጋረጃው ነግሮኛል።»

መጋረጃው ሳቀ። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ሳቁ፤ ባርኔጣው ወደ ቦታው ተመለሰ። አቶ አንዳርጌ ከጠዋት ጀምሮ ይዘውት የነበረውን ትንፋሽ አሁን ለቀቁት። እፎይ! ሽማግሌዎቹ ሊመለሱ ነው፤ የሚመለስ ሽማግሌ ደግሞ ሠርግ ማለት ነው። ደስታው ቢያጠግባቸው ኖሮ እዚያ ላይ ዝም ይሉ ነበር።

«አባቴ» አሉ ዳቦውን እንደገና እያቀፉ፣ «ይህን መልሼ ልወስደው ነው። አብረውኝ ብቅ ይበሉና፣ ድንቁ ቶሎ እንዲያበስልልን አንድ ቃል ቢሉልኝስ?»

አቶ ልሳነወርቅ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ድንቁማ ቅድምም እሺ ብሎኝ ነበር ወንድሜ፤ ምን ያደርጋል፣ ምድጃ አማላጅ አይሰማም።»