መውጫውን የከፈተ ባለ ወፍጮ

የባለቤቴ መርዶ የደረሰኝ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ምስር እየለቀምኩ ነበር። ጎረቤቴ ወይዘሮ አትጠገብ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ «ሰውዬሽ ዛሬ ድንጋዩ ላይ ብዙ ቆየ» አለችኝ። ፊቷን አየሁት። የለቀምኩትን ምስር ካልተለቀመው ደባልቄ ተነሳሁ።

ዳገቱ መንገድ ላይ ከእኔ በፊት ስንት ሰው በአጠገቡ አልፏል። ጎኑን ለካቡ ሰጥቶ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ወደፊት ዘንበል ብሎ ነበር። ትንፋሹን ሲያስተካክል ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚቀመጠው። እንዳይረብሹት በእጃቸው ብቻ ሰላም ብለውት አልፈዋል።

በሦስተኛው ቀን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደምሌ ለቀስተኛው ፊት ተነስቶ፣ «ሳንባው የደከመን ሰው ዳገት አስወጥታችሁ ገደላችሁት! ወንበሩ ላይ ብትተዉት ኖሮ ዛሬም ነበረ» አለ። ገደላችሁት ይበል እንጂ የሚያየው ልጄን ትርንጎን ነበር። አባቷን ሆስፒታል የወሰደችው እሷ ናትና።

ትርንጎ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አላለቀሰችም። ሊያጽናና የመጣ ሁሉ፣ «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው፤ ዋጥ አድርጊው» ይላታል። እሷም ትውጣለች። ከአሥራ ሁለቱ በኋላ ድንኳኑ ተነቅሎ ሁለታችን ብቻችንን ስንቀር፣ «እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ?» አለችኝ።

አይደለሽም ልላት እችል ነበር። ግን ስንት ሰው አይደለሽም ብሏታል፤ አልተቀበለችውም። ስለዚህ ይህን ነገርኳት። አሁን ደግሞ እንዳይጠፋኝ እጽፈዋለሁ።

«አንድ ሰው ነበረ» አልኳት።

«አባዬ ነው» አለች።

«አንድ ሰው ነው አልኩሽ። ስሙን ከጠራሁት አልጨርሰውም። ዝም ብለሽ ስሚ።»

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ወፍጮ ቤት እህል መፍጨት ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የዱቄት ብናኝ ሲተነፍስ ኖረና ሳንባው ደከመ። ከአልጋው እስከ በሩ መሄድ አቃተው። ቤተሰቡ በጣም ይወደው ስለነበር ወንበር አመጣለት። ሊነሳ ሲል ተቀመጥ ይሉታል። ውሃ ልቅዳ ሲል ተቀመጥ ይሉታል። ጫማውን ሚስቱ ታስርለታለች። ትንፋሽ ሲያጥረው ሁሉም ከብበውት፣ «ሳብ! አየር ሳብ!» ይሉታል። እሱም ይስባል። በሳበ ቁጥር ይብስበታል፤ ትከሻው ጆሮው ሥር ደርሶ እዚያው ይቀራል። እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። እግሩ እንደ ሸንበቆ ቀጠነ።

ከቤቱ በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ይኖር ነበር። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሃያ ዓመት ጆንያ የተሸከመ፣ የሰውየው የልብ ወዳጅ ነው። የዚህ ሽማግሌ ሚስት ሞተች። ባለ ወፍጮው ለቅሶ መድረስ አልቻለም። መንገዱ ቀጭን የእግር መንገድ ነው፤ ባጃጅ አይገባበትም። ወንድሙ፣ «ታዲያ በቃሬዛ እናድርስህ» አለው።

«በቃሬዛ ለቅሶ የደረሰ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለው ሰውየው። «ሟቿን ትተው እኔን ያለቅሱኛል!»

ሳቀ፤ ሳቁ ትንፋሹን ጨረሰበት። ሲረጋጋ ሴት ልጁን ጠርቶ፣ «አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። እዚያ ደጃፍ በእግሬ ቆሜ እግዜር ያጽናህ ልበለው» አላት።

ልጅቱ ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሙ የተጎዳው ሳንባ ተመልሶ እንደማይድን ነግሮት ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከው። እዚያ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ፣ ወንበርና ደጁ ላይ ረጅም ኮሪደር እንጂ ሌላ ነገር የለም። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ኮሪደሩን እንዲሄድ አደረገችው። ስምንት እርምጃ ሄዶ ግድግዳውን ያዘና እንደለመደው አየር ይጎትት ጀመር።

«አባባ፣ ሳብ ያለዎት ማነው?» አለችው።

«ሁሉም» አለ እያለከለከ።

«ከንፈርዎን አሞጥሙጠው በቀስታ ያውጡ። ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርዱ።»

«የለኝም እኮ! የሌለኝን ምኑን ላውጣ?»

እሷም ደጋግማ አሳየችው፤ እሱም ደጋግሞ እምቢ አለ። የሚሰምጥ ሰው የያዘውን እንደማይለቅ አየሩን አልለቅም አለ። በመጨረሻ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ «ሥራዎ ምን ነበር?» አለችው።

«ወፍጮ።»

«ዱቄቱ የሚወርድበት አፍ ሲደፈን እህሉን ከላይ ቢጨምሩበት ምን ይሆናል?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ይታነቃል። ቀበቶው ይቃጠላል።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«መጨመሩን ትቼ መውጫውን እከፍታለሁ። ይሄን ሕፃንም...» አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ከዚያ ከንፈሩን አሞጠሞጠና እፍ አለ። ቀጭን፣ ረጅም እፍ ነበረች። አብራ የመጣችው ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። ሦስት ዓመት ጆሮው ሥር የተሰቀለው ትከሻ፣ ጆንያ ከጀርባ እንደሚወርድ ቀስ ብሎ ሲወርድ አየች። ቀጥሎ የገባውን አየር ማንም ሳብ አላለውም፤ እንዲሁ መጣ። ሚስቱ ሠላሳ ዓመት አብራው ስትተኛ የኖረችው ሴት ናት። ትንፋሹን ግን የዚያን ቀን የመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው መሰላት። ቤተ መቅደስ የገባች ይመስል ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

ሰውየው ቤቱ ሲመለስ ዳገቱ ላይ የሚያርፍባቸው ሰባት ድንጋዮች መረጠ። ባለሙያዋ፣ «ሽቅብ ሲረግጡ ያውጡ። ሲደክምዎ ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ አሳርፈው ዘንበል ይበሉ። አለከለክሁ ብለው አይደንግጡ፤ ዳገት የሚወጣ ሰው ሁሉ ያለከልካል» ብላዋለች። የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ለመድረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ ጉንፋን ያዘውና ሳምንት ሙሉ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ልጅቱ ከኋላው ትሄዳለች። ሲንገዳገድ እንዳትይዘው እጆቿን ወደኋላ አጣምራ ነው የምትሄደው። ከዚያ የሚከብድ ሸክም ያለ አይመስለኝም።

እንዲህ እያለ በዘጠነኛው ወር ሰባተኛው ድንጋይ ላይ ደረሰ። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሞ ከታች ጀምሮ ሲያየው ቆይቷል። ልርዳህ ብሎ አልወረደም፤ ጆንያ የተሸከመ ሰው መንገድ ላይ ሲነኩት እንደማይወድ ያውቃል። ሰውየው ደጃፉ ላይ ቆመ። ሦስት ጊዜ እፍ አለ። ሽማግሌው ጠበቀው።

«እግዜር ያጽናህ» አለ ሰውየው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ሽማግሌው። ከዚያ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ትንሽ ዘገየህ። ሙት ዓመቷ ሊደርስ ነው።»

«መንገዱ ሩቅ ነው» አለ ሰውየው።

ሁለቱም ወደ ታች አዩ። የሰውየው ቤት ጣሪያ እዚያው ታች ይታያል፤ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። እየተያዩ ሳቁ፤ እየሳቁም አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ወጣ፣ ወረደ። ሳንባው አልዳነም። ግን የልጅ ልጁን ክርስትና ቆሞ አየ፤ ጫማውንም ራሱ አሰረ። አንድ ቀን ለሚስቱ፣ «ድሮ ትንፋሽ መኖሩንም አላውቅም ነበር። አሁን እያንዳንዷን እንደ እንግዳ እቀበላታለሁ፤ እንደ እንግዳም እስከ ደጅ እሸኛታለሁ» አላት። ከዕለታት አንድ ማክሰኞም ከወዳጁ ዘንድ ሲመለስ አራተኛው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የመጨረሻዋን ሸኛት። ፊቱ ወደ ቤቱ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞርኩና እንዲህ አልኳት፦

«ትርንጎ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውም ሰው ይሞት ነበር። ከሞት የሚያስጥል ወንበር የሠራ አናጺ የለም። ድንጋዩ ላይ የሞተው ግን ከወዳጁ ቤት ሲመለስ ነው። አንቺ ያንን መንገድ ነው የሰጠሽው። ጋሼ ደምሌም ቢሆን አስከሬኑን ሊያወርድ ሲወጣ አባትሽ ከመረጣቸው ድንጋዮች ሦስቱ ላይ ተቀምጧል፤ አይቼዋለሁ።»

ፈገግ ልትል ነበር። አላስቻላትም።

«አሁን ደግሞ ያ ወፍጮ አንቺ ነሽ» አልኳት። «ይህን ሁሉ ቀን ሰው ሁሉ ከላይ ይጨምርብሻል፤ ዋጥ አድርጊው፣ ቻይው ይልሻል። መውጫሽ ተደፍኗል። ትከሻሽን እይው፣ የት እንደደረሰ። አባትሽ የሌለኝን ምኑን ላውጣ ብሎ ነበር፤ ነበረው። አውጪው ልጄ።»

መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ቀጭን ነበር፤ እንደ አባቷ እፍ። ከዚያ አባዬ ብላ አለቀሰች። ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ መጣና በር ላይ ቆመ፤ ማንም ግን ዋጥ አድርጊው አላላትም። እኔ እጆቼን ወደኋላ አጣምሬ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የክርስትና ስሙ ወልደ ትንሣኤ ነው። በጸሎታችሁ አስቡት፤ ነፍሱን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን በሉ። ስሙን ስትጠሩ አትቸኩሉ። በረጅሙ፣ በቀስታ አውጡት።